የፔንሲዮን ዋይፋይ እንዴት ይቆለፋል? ከጣና ዳር የተጻፈ መመሪያ

ጥምቀት አንድ ሳምንት ሲቀረው እትዬ ደወሉልኝ። ጣና ዳር፣ ከጀልባ ማቆሚያው ብዙም ሳይርቅ፣ 18 ክፍል ያለው ፔንሲዮን አላቸው። «ልጄ፣ ዋይፋዩ ሞቷል። እንግዳ ሊገባብኝ ነው፤ ድረሽልኝ» አሉኝ። ባጃጅ ይዤ ሄድኩ።

ዋይፋዩ አልሞተም። ሰው በዝቶበት ነው። ሪሴፕሽኑ ጀርባ አንድ ወረቀት በፕላስተር ተለጥፏል። ከላይ የፔንሲዮኑ ስም፣ ከሥሩ ያው ስም 1234 ተጨምሮበት። ወረቀቱን ፀሐይ በልቶት ቢጫ ሆኗል። «መቼ ነው የተቀየረው?» አልኳት ሪሴፕሽን የምትሠራዋን ልጅ። «እኔ ስቀጠርም ይሄው ነበር» አለችኝ። ከተቀጠረች አራት ዓመቷ ነው።

እትዬን አስፈቅጄ ስልኬ ላይ ያለችውን የኔትወርክ መፈተሻ አፕ ከፈትኩ። 43 ዕቃ ቆጠረች። ያን ቀን የተያዘው ክፍል 6 ብቻ ነው። ዝርዝሩን ስናወርድ ልጅቷ አንዱን ስም አይታ ደነገጠች። «ይሄማ እዚህ አስተናጋጅ የነበረው ልጅ ስልክ ነው፤ ከወጣ ዓመት አልፎታል።» ልጁ ከመንገዱ ማዶ፣ ዋርካው ሥር ሻይ እየጠጣ ነበር። ክፉ ልጅ አይደለም። ስልኩ ፓስወርዱን ስለሚያስታውስ በራሱ ይገባል።

ዝቅ ብሎ የካሜራው መቅጃ አለ። ነካሁት። ዩዘርኔም አድሚን፣ ፓስወርድ 12345። ተከፈተ። ኮሪደሩ፣ መኪና ማቆሚያው፣ የጓሮው በር። አራተኛው ሳጥን ውስጥ አንዲት ሴት ስልኳ ላይ አቀርቅራለች። እኔ ነኝ። ስልኩን ለእትዬ አሳየኋቸው። ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሰብስበው ዝም አሉ። ቆይተው «ይሄን እንግዳውም ያየዋል?» አሉኝ። «ወረቀቱን ያነበበ ሁሉ ያየዋል» አልኳቸው።

ከዚያ በኋላ በሁለት ቀን የሠራነውን እዚህ እጽፋለሁ። ፔንሲዮን፣ ካፌ፣ ክሊኒክ ወይም ትንሽ ቢሮ ያለው ሰው አብዛኛውን ራሱ ሊሠራው ይችላል። አጥብቄ የምለው አንድ ነገር አለ። ለሁሉም የተሰጠ አንድ ፓስወርድ አይበቃም። ሒሳቡ፣ ሠራተኛውና እንግዳው ይለያዩ። ሠራተኛው ደግሞ እያንዳንዱ የራሱ መግቢያ ይኑረው።

መጀመሪያ ወረቀትና እስክሪብቶ

ሴቲንግ ከመክፈታችሁ በፊት ማን ምን እንደሚጠቀም ጻፉ። እኛ ቡናው እስኪፈላ ጨረስነው። አንደኛ፣ ሒሳብ፦ የሪሴፕሽኑ ኮምፒውተር፣ ፕሪንተሩና የሽያጭ ማሽኑ። ሁለተኛ፣ የሠራተኞች ስልክ። ሦስተኛ፣ እንግዳ። አራተኛ፣ ካሜራዎቹ። ካሜራዎቹ በኬብል ስለሚሠሩ ዋይፋይ አያስፈልጋቸውም። ነገር ግን ከእንግዳው መስመር መውጣት አለባቸው።

ይህች ወረቀት ቀላል ትመስላለች። በኋላ ግን እያንዳንዱ ውሳኔ ከእሷ ነው የሚወጣው። አትዝለሏት።

የዕቃው ራሱ ቁልፍ

ብዙ ሰው ሁለት ፓስወርድ እንዳለ አያውቅም። አንዱ ዋይፋይ ለመግባት ነው። ሌላው የራውተሩን ወይም የአክሰስ ፖይንቱን (ዋይፋዩን የሚያሰራጨው ዕቃ ነው) ሴቲንግ ለመክፈት ነው። ሁለተኛውን የያዘ ሰው የመጀመሪያውን እንደፈለገ ይቀይረዋል። ስለዚህ ሥራው ከሁለተኛው ይጀምራል።

ላፕቶፕ በኬብል አገናኙ። ዋይፋዩን እየቀየራችሁ በዚያው ዋይፋይ ከገባችሁ መሃል ላይ ይጥላችኋል። ብሮውዘር ላይ የዕቃውን አድራሻ ጻፉ። ብዙ ጊዜ 192.168.0.1 ወይም 192.168.1.1 ነው፤ ካልሆነ የኮምፒውተሩ የኔትወርክ ሴቲንግ ውስጥ ጌትዌይ የሚለውን እዩ። አድሚን በአድሚን ከገባላችሁ፣ ለሌላውም ይገባል ማለት ነው። ወዲያው ቀይሩት።

እዚያው ሳላችሁ ሦስት ነገር ጨርሱ። ከኢንተርኔት በኩል ሴቲንግ መክፈት የሚፈቅደውን፣ ሪሞት ማኔጅመንት የሚለውን፣ አጥፉ። ፈርምዌሩን፣ ማለትም የዕቃውን የውስጥ ሶፍትዌር፣ አፕዴት አድርጉ። እ.ኤ.አ. በ2017 ክራክ የተባለ ቀዳዳ ደብሊውፒኤ2 (WPA2) በሚባለው የዋይፋይ መቆለፊያ ዘዴ ላይ ተገኝቶ ነበር። የተደፈነው በአፕዴት ነው። አፕዴት ያላደረገ ዕቃ ቀዳዳው አሁንም አብሮት አለ። ሦስተኛ፣ አዲሱን የአድሚን ፓስወርድ ደብተር ላይ ጽፋችሁ ቁልፍ ያለው መሳቢያ ውስጥ አስቀምጡ። ባለሙያው ብቻ የሚያውቀው ፓስወርድ ባለሙያው አገር ሲቀይር ጣጣ ያመጣል። የእትዬ ደብተር ከብር ሳጥኑ ጋር ነው የሚያድረው።

የካሜራውንም መቅጃ ፓስወርድ ያን ጊዜ ቀየርነው።

ከዝርዝሩ የትኛውን ልምረጥ?

የደህንነት ዓይነት የሚለውን ስትከፍቱ ተመሳሳይ የሚመስሉ ስሞች ይደረደራሉ። ዌፕ (WEP) የሚለውን በጭራሽ አትምረጡ። እ.ኤ.አ. ከ1997 የመጣ ነው፤ በ2001 እንዴት እንደሚሰበር ታውቋል። ዛሬ በደቂቃዎች ይከፈታል። ደብሊውፒኤ ብቻውን፣ ወይም ቲኪፕ (TKIP) የሚል ቃል ያለበትንም እለፉት።

የምትፈልጉት ደብሊውፒኤ2 ከኤኢኤስ (AES) ጋር፣ ወይም ደብሊውፒኤ3 ነው። ደብሊውፒኤ3 እ.ኤ.አ. በ2018 ወጣ። ዕቃችሁ ካለው እሱ ይሻላል። ችግሩ የቆየ ስልክ ነው። ለዚህ ሁለቱን የሚያቀላቅል ምርጫ አለ፤ አዲሱ ስልክ በ3፣ አሮጌው በ2 ይገባል። ለእንግዳ መስመር እሱን አደረግን። ለሒሳቡ መስመር ግን ኮምፒውተሩ አዲስ ስለሆነ ደብሊውፒኤ3 ብቻ።

ደብሊውፒኤስ (WPS) የሚባለውን ደግሞ አጥፉት። ቁልፍ ተጭኖ ወይም 8 አሃዝ ፒን አስገብቶ መገናኛ ነው። ስምንት አሃዝ ብዙ ይመስላል። ነገር ግን ዕቃው ፒኑን ለሁለት ከፍሎ ነው የሚያየው። የመጀመሪያው አራት 10,000 ዕድል አለው። ከሁለተኛው አራት የመጨረሻው አሃዝ ከሌሎቹ ተሰልቶ ስለሚገኝ 1,000 ብቻ ይቀራል። ድምሩ 11,000 ሙከራ ነው። ዕቃው ሙከራውን የማይገድብ ከሆነ በሰዓታት ያልቃል። ይህ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው፤ እኔ ግን ዛሬም በሄድኩበት ሁሉ በርቶ አገኘዋለሁ።

ስልክ ቁጥራችሁን ፓስወርድ አታድርጉ

እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ። በከተማችን ከማያቸው ፓስወርዶች ብዙዎቹ የባለቤቱ ስልክ ቁጥር ናቸው።

ሰባሪው ደጃችሁ ቆሞ እየገመተ አይምሰላችሁ። አንድ ስልክ ከአክሰስ ፖይንቱ ጋር ሲገናኝ አራት አጫጭር መልእክት ይለዋወጣሉ። ሰውየው እነሱን ከአየር ላይ ይቀዳል። ይዟቸው ቤቱ ይገባል። ከዚያ ኮምፒውተሩ ፓስወርድ እየገመተ ከቀዳው ጋር ያመሳክራል፤ በሴኮንድ ብዙ መቶ ሺህ ጊዜ። እናንተ ዘንድ ምንም አይታይም። በ09 ለሚጀምር ቁጥር የሚቀረው 8 አሃዝ ነው። 100 ሚሊዮን ግምት። ጥሩ ግራፊክስ ካርድ ላለው ኮምፒውተር የደቂቃዎች ሥራ ነው። ደብሊውፒኤ3 ይህን ቤት ወስዶ የመገመት ነገር ዘግቶታል። ደብሊውፒኤ2 ላይ ግን ያላችሁ መከላከያ የፓስወርዱ ርዝመት ነው።

ከ8 እስከ 63 ፊደል ይቀበላል። ከ16 አታሳንሱ። የሚቀለው አራት የማይገናኙ ቃላት መደርደር ነው። ለምሳሌ ቆሮሶ፣ ምሰሶ፣ ጀበና፣ ጥቅምት። እነዚህን እዚህ ስለጻፍኳቸው አትጠቀሙባቸው፤ የራሳችሁን አውጡ። ተረትና ምሳሌ፣ የመዝሙር ስንኝ፣ የቅዱሳን ስም አይሁን። ሌላውም ያውቀዋል።

የግዕዝ ፊደል ስለማይቀበል ቃላቱን በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የምትጽፉት። እዚህ ላይ ጠብ ይነሳል። አንዱ «ቆ»ን በኪው ይጽፈዋል፣ አንዱ በኬ። «ጥ»ን አንዱ በአንድ ቲ፣ ሌላው በሁለት። እትዬና ልጃቸው ሁለቱም ትክክል ነኝ ብለው ለአምስት ደቂቃ ተከራከሩ። አጻጻፉን ደብተሩ ላይ በትልልቁ አስቀምጡና በእሱ ሂዱ።

ስሙን መደበቅስ? ይሉኛል። ስም የተደበቀበት ዋይፋይ ስልክ በተገናኘ ቁጥር ስሙ አየር ላይ ይወጣል። የስልኮችን ማክ አድራሻ፣ ማለትም እያንዳንዱ ስልክ የሚለይበትን ቁጥር፣ መዝግቦ እነሱን ብቻ ማስገባትም እንዲሁ ነው። አድራሻው ሳይመሰጠር ስለሚተላለፍ ሌላው ይገለብጠዋል። አዳዲስ ስልኮች ደግሞ አድራሻቸውን ራሳቸው ስለሚቀያይሩ የገዛ ሠራተኛችሁ ውጭ ይቀራል። ጊዜያችሁን አታጥፉበት።

እንግዳው

እንግዳ ኢንተርኔት ነው የሚፈልገው። ፕሪንተራችሁን አይፈልግም። ስለዚህ ጌስት ኔትወርክ የሚለውን አብሩና ሁለት ነገር አረጋግጡ። አንደኛ፣ እንግዳው ወደ ውስጥ ኔትወርክ እንዳይደርስ። ሁለተኛ፣ እንግዳና እንግዳ እርስ በርስ እንዳይተያዩ። ይኼኛው አይሶሌሽን ይባላል።

ርካሽ አክሰስ ፖይንቶች ላይ ጌስት የሚለው ስም ብቻ ሊሆን ይችላል። በተለይ ዕቃው ከሌላ ራውተር ሥር ሲገባ ሁሉም አንድ መስመር ላይ ይደፋል። ዋናው መፍትሔ ቪላን ነው። በአንድ ኬብል ውስጥ አራት የተለያየ መንገድ እንደማስመር ነው። እኛ 10 ለሒሳብ፣ 20 ለሠራተኛ፣ 30 ለእንግዳ፣ 40 ለካሜራ አልን። ከ30 የሚነሳ ወደ ኢንተርኔት ብቻ ይወጣል፤ ወደሌሎቹ ሲል የራውተሩ በር ጠባቂ፣ ፋየርዎሉ፣ ይመልሰዋል። የእያንዳንዱ እንግዳ ፍጥነትም ተገደበ። አንድ ሰው ፊልም ሲያወርድ 17ቱ ክፍል አይታነቅም።

ቮቸር (የጊዜ ገደብ ያለው የመግቢያ ኮድ) የሚጠይቅ ገጽ የምታደርጉ ካላችሁ አንድ ማስጠንቀቂያ። ያ ገጽ ማን እንደሚገባ ይወስናል እንጂ አየር ላይ የሚሄደውን አይመሰጥርም። ዋይፋዩ ያለ ፓስወርድ ክፍት ከሆነ ቮቸር መኖሩ እንግዳውን ከሚያደምጥ ሰው አያድነውም። ፓስወርድም ቮቸርም ይኑር።

ግድግዳው ላይ የነበረው ወረቀት ተነሳ። አሁን ከክፍሉ ቁልፍ ጋር ኪው አር ያለባት ካርድ ትሰጣለች። ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን ፓስወርዱ ተቀይሮ ካርዶቹ እንደገና ይታተማሉ።

ሠራተኛው፦ ለእያንዳንዱ የራሱ መግቢያ

ዋርካው ሥር የነበረውን ልጅ አስታውሱ። አንድ የጋራ ፓስወርድ ካለ፣ አንድ ሰው ሲወጣ ለሁሉም መቀየር አለበት። ማንም አያደርገውም። መፍትሔው ደብሊውፒኤ2 ወይም 3 ኢንተርፕራይዝ የሚለው ምርጫ ነው። ትልቅ መሥሪያ ቤት ብቻ የሚጠቀምበት ይመስላል። 9 ሠራተኛ ላለው ፔንሲዮንም ይሠራል።

ከጀርባው ራዲየስ የሚባል ሰርቨር አለ። መዝገብ የያዘ ሰው አድርጋችሁ አስቡት። አክሰስ ፖይንቱ በር ላይ ቆሞ ስም ይጠይቃል፤ ራሱ ግን አይወስንም። ለራዲየስ ያስተላልፋል። ራዲየስ መዝገቡን አይቶ ይግባ ወይም አይግባ ይላል። አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ፍሪራዲየስ የሚባለውን ነፃ ሶፍትዌር መጫን ይቻላል። የማይክሮቲክ ራውተር ካላችሁ ደግሞ ሰባተኛው ቨርዥን ላይ ዩዘር ማናጀር የሚባለውን ፓኬጅ ጨምራችሁ ራውተሩን ራሱን ራዲየስ ማድረግ ትችላላችሁ። እትዬ ዘንድ ያደረግነው ይሄን ነው።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። ለራዲየሱ የማይቀያየር አድራሻ ስጡት። ከዚያ እያንዳንዱን አክሰስ ፖይንት በአድራሻው መዝግቡና የሚተዋወቁበት ሚስጥር ቃል ስጡ። ይህን ቃል ሰው በእጁ ስለማይጽፈው ረጅምና ዝብርቅርቅ ይሁን፤ ለእያንዳንዱም የተለያየ። አክሰስ ፖይንቱ ላይ ደግሞ ኢንተርፕራይዝን መርጣችሁ የራዲየሱን አድራሻ፣ ፖርት 1812ን እና ያንኑ ሚስጥር ቃል አስገቡ። በመጨረሻ ለየሠራተኛው ዩዘርኔምና ፓስወርድ ፍጠሩ።

ስልኩ የመግቢያ ዘዴ ሲጠይቅ ፒፕ (PEAP) የሚለውን ትመርጣላችሁ። ከዚያ ስለ ሰርተፍኬት ይጠይቃል። አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ አታረጋግጥ የሚለውን መርጦ ያልፋል። አትለፉት። ሰርተፍኬቱ ሰርቨሩ ለስልኩ የሚያሳየው መታወቂያ ነው። ስልኩ መታወቂያ ካልጠየቀ፣ ከመንገድ ማዶ በእናንተ ዋይፋይ ስም ሌላ አክሰስ ፖይንት ያቆመ ሰው የሠራተኛውን መግቢያ ሊቀበል ይችላል። ስለዚህ የራሳችሁን ሰርተፍኬት ስልኮቹ ላይ ጫኑ፤ የሰርቨሩን ስም ዶሜይን የሚለው ቦታ ላይ ሙሉ። ዘጠኝ ስልክ ግማሽ ቀን ፈጀብን። ሰርተፍኬቱ የሚያልቅበትን ቀን ደብተሩ ላይ ጻፉ። ያ ቀን ካመለጣችሁ አንድ ጠዋት ማንም አይገባም።

ይህ ሁሉ ከከበዳችሁ ለሠራተኛ የተለየ መስመርና ፓስወርድ አድርጉ። ሰው በወጣ ቁጥር ግን በዚያው ቀን ቀይሩት።

መብራት ሲጠፋ

አንድ ጊዜ ሌላ ቦታ፣ ሽምብጥ አካባቢ፣ ቪላኑን ሁሉ ሠርቼ፣ ፈትሼ፣ ሒሳቤን ተቀብዬ ወጣሁ። ኬብሎቹን የሚያከፋፍለው ስዊች ላይ ሴቭ ማድረግ ረስቻለሁ። ማታ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ስዊቹ ወደ ድሮው ተመለሰ። የለየሁት ሁሉ እንደገና ተቀላቀለ። ኢንተርኔቱ ስለሚሠራ ማንም አላወቀም። እኔም ያወቅሁት ከሦስት ሳምንት በኋላ ለሌላ ጉዳይ ስሄድ ነው። ያ ነገር እስካሁን ይቆጨኛል። አንዳንድ ዕቃ የቀየራችሁትን ወዲያው ይሠራበታል እንጂ ሴቭ ካላላችሁት አያስቀምጠውም። አሁን ሥራ ስጨርስ ሁሉንም ዕቃ ከሶኬት ነቅዬ መልሼ እሰካለሁ። ከዚያ በኋላ ነው የምፈትሸው። የሴቲንጉን ቅጂም ፍላሽ ላይ አስቀራለሁ።

ሌላው ሰዓት ነው። ብዙ ትንንሽ ራውተሮች ባትሪ ያለው ሰዓት የላቸውም። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ቀኑ ይዛባባቸዋል። ቀኑ ሲዛባ ቮቸሩ አላለቀም ወይም አልቋል ይላል፤ የመግቢያው መዝገብም ትርጉም ያጣል። ኤንቲፒ የሚለውን አብሩ፤ ሰዓቱን ከኢንተርኔት ይወስዳል። ራዲየሱና ዋናው አክሰስ ፖይንት ደግሞ ዩፒኤስ ላይ ይሁኑ።

ሐይቁ ግድግዳ የለውም

ይህ የጣና ዳር ሰዎች ጉዳይ ነው። ከተማ ውስጥ ግድግዳ ሲግናሉን ይበላዋል። ወደ ሐይቁ በኩል የሚበላው የለም። እትዬ በረንዳ ላይ የተሰቀለው አክሰስ ፖይንት ፊቱ ወደ ውሃው ነው፤ ኃይሉም እስከ መጨረሻ ተከፍቷል። ስልኬን ይዤ ወደ ጀልባ ማቆሚያው ወረድኩ። ወደ ዘጌ የሚሄዱ እንግዶች ጀልባ የሚጠብቁበት ቦታ ድረስ ሲግናሉ ሙሉ ነው። እንግዲህ ሰው እዚያ ተቀምጦ፣ ማንም ሳያየው፣ ቀኑን ሙሉ ሊሞክር ይችላል።

ኃይሉን ቀነስነው፤ ፊቱን ወደ ጠረጴዛዎቹ አዞርነው። እኔ እየተራመድኩ፣ ልጅቷ ላፕቶፑ ላይ እየቀነሰች። አጥሩ ጋ ስደርስ እስኪደክም ድረስ። በ2.4 ጊጋኸርዝ ቻናሉ 1፣ 6 ወይም 11 ይሁን፤ ሌላው ከጎረቤት ጋር ይጋጫል። ኃይል መቀነስ ብቻውን ቁልፍ አይደለም፤ ጥሩ አንቴና ያለው ሰው ከሩቅም ይሰማል። ነገር ግን ፍጥነቱም ስለሚሻሻል አድርጉት።

ዕቃው ራሱም እጅ የማይደርስበት ቦታ ይሰቀል። ሪሴት የምትለዋን ቀዳዳ በስቴኪኒ የወጋ ሰው የሠራችሁትን ሁሉ ወደ ዜሮ ይመልሰዋል። ኮሪደር ላይ ክፍት የቀረ የኬብል ሶኬት ካለም ከስዊቹ ላይ ንቀሉት።

ከዚያ ፈትሹ

እንደ እንግዳ ሆናችሁ ካርዷን ስካን አድርጋችሁ ግቡ። የራውተሩን ገጽ ለመክፈት ሞክሩ፤ መከፈት የለበትም። ካሜራውን፣ ፕሪንተሩን ሞክሩ። ሁለት ስልክ በእንግዳው መስመር አስገብታችሁ በመፈተሻ አፑ ይተያዩ እንደሆነ እዩ። ከዚያ አንድ የሙከራ ሠራተኛ ከራዲየሱ አጥፉና ስልኩን አላቃችሁ እንደገና ለማገናኘት ሞክሩ። የተገናኘ ስልክ ስሙ ቢጠፋም እስኪላቀቅ ሊቆይ ስለሚችል፣ ማላቀቁን አትርሱ።

እትዬ ዘንድ የመጀመሪያውን ፍተሻ እሳቸው ራሳቸው ናቸው ያደረጉት። መነጽራቸውን አድርገው፣ በራሳቸው ስልክ፣ በእንግዳው መስመር ገብተው የካሜራውን አድራሻ አንድ በአንድ ጻፉ። ክቧ ዞረች፣ ዞረችና ገጹ አልተከፈተም አለ። ሁለተኛ ሞከሩ። ሦስተኛ ሞከሩ። ከዚያ ስልኩን ለልጅቷ ሰጥተው «አንቺም ሞክሪው እስቲ» አሏት።